ውል ማሰር ሰውን መጠርጠር ነውን?

ሰው ከሰው ጋራ በሚሠራበት ጊዜ ሁለት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እነርሱም እምነትና ውል ናቸው። ነገር ግን ብዙ ሰዎች እነዚህን ሁለቱን እንደ ጣውንቶች ያዩአቸዋል። «መተማመን ካለ ውል ምን ይሠራል? ውልስ ካስፈለገ መተማመን ወዴት አለ?» ይላሉ። እኔም ራሴ ለብዙ ዘመን እንዲሁ አስብ ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ ግን የመጽሐፍ ቃል ወይም የሊቅ ትምህርት አይደለም፤ የእናቴ ቤት ግድግዳ ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታይህ አትናቀው። ትልልቁ የምግባር ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በትንሽ ነገር ተጠቅልሎ ነውና።

የተወለድሁት በጎጃም በደብረ ኤልያስ ነው። ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት ስሟ የተጠራ አገር ናት፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ እርሷ ነበረች። በእንደዚህ ያለ አገር «ቀለም» ሲባል አስቀድሞ ወደ ልብ የሚመጣው የግድግዳ ቅብ ሳይሆን ትምህርት ነው። ተማሪው ጎበዝ ሲሆን ቀለም ገባው ይባላል፤ ሊቁም የቀለም ቀንድ ይባላል። ቤትማ የሚያምረው በኖራ ነበር። ዓመት በዓል ሲደርስ እናቶቻችን ኖራውን በጥብጠው ግድግዳውን ይለቀልቁት ነበር፤ ክረምት ያጠበውንም በመስከረም መልሰው ያነጡት ነበር። በዚህ ሥራ ላይ አታላይና ተታላይ አልነበረም፤ ሠሪዋ የቤቱ ባለቤት ራሷ ነበረችና። ማታለል የሚመጣው ሥራው ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ፥ አንዱም የሚያውቀውን ሌላው የማያውቀው ሲሆን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ታናሽ ወንድሜ ሊያገባ ሆነ፤ ሠርጉም ለጥር ተቈረጠ። ቤታችን የጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ፥ በላዩም ላይ ለብዙ ዓመታት ኖራ ሲደራረብበት የኖረ ነበር። እናቴ «ሙሽራዪቱ ወደ ኖራ ቤት አትገባም፤ እንደ ከተማ ቤት በቀለም ይቀባልኝ» አለች። ለዚህም ብላ አድልባ ያቆየችውን ሰንጋ ሸጠች። እኔ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ተቀጥሬ እሠራ ስለ ነበር ፈቃድ ወስጄ ሠርጉ ሊደርስ 12 ቀን ሲቀረው ደረስሁ።

ቀለም ቀቢ ለማግኘት ብዙ አልደከምንም። የጎረቤታችን ልጅ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ሙያውን ተምሮ ተመልሶ ነበር። የእርሱ እናትና የእኔ እናት በአንድ ማኅበር የሚሰበሰቡ፥ ከአንድ ጀበና ቡና የሚጠጡ፥ ጥጥም አብረው የሚፈትሉ ሴቶች ናቸው። ልጁን ጠርቼ «ቤቱን ታውቀዋለህ፤ እንደ ራስህ ቤት አድርገህ አሳምርልን፤ ብቻ ለሠርጉ ይድረስ» አልሁት። እርሱም «ጋሼ፥ በእኔ ይጣሉት» አለኝ። ውላችን በሙሉ ይህ ነበር። ዋጋውን በጅምላ ተነጋግረን ቀለሙን ራሱ እንዲገዛ ከጠቅላላው ገንዘብ ከአራቱ ሦስቱን እጅ በዚያው ቀን ቈጥሬ ሰጠሁት። የእኅቴ ባል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «በወረቀት ብታደርጉት አይሻልም?» ቢለኝ ተቈጣሁት። «የጎረቤት ልጅ እኮ ነው፤ እናቱ ምን ትለናለች?» አልሁት። አንባቢዬ ሆይ፥ ይህን «ምን ትለናለች» የሚለውን ቃል ልብ አድርግልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

ሥራው በአራት ቀን አለቀ። ቤቱም እንደ ሙሽራዪቱ አማረ፤ ያየው ሁሉ መረቀን። እኔም ቀሪውን ገንዘብ በምስጋና ሰጥቼ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። ሰኔ ግም ብሎ ሐምሌ ሲገባ ግን እናቴ በስልክ «ልጄ፥ ቤቱ እየተላጠብኝ ነው» አለችኝ። በመስከረም ስመጣ ቀለሙ እንደ እባብ ለምድ ተገፎ አየሁት። ያልወደቀውን በጥፍሬ ፈንቅዬ ብመለከተው ከበስተኋላው ነጭ ዱቄት ይዞ ተነሣ። ያን ጊዜ ምክንያቱ ገባኝ። አሮጌው ኖራ ሳይፋቅ በላዩ ቀለም ስለ ተቀባበት ቀለሙ ተጣብቆ የነበረው ከግድግዳው ጋራ ሳይሆን ከኖራው ዱቄት ጋራ ነው። ዱቄቱ እርጥበት ሲያገኘው ግድግዳውን ለቀቀ፤ ቀለሙም አብሮት ወረደ። ደግሞም ሁለት እጅ ሳይሆን አንድ እጅ ብቻ መቀባቱ በግልጽ ይታይ ነበር።

በቁጣ ወደ ቤታቸው ሄጄ በእናቱ ፊት «ሌባ! የእናቴን ሰንጋ በላህ» አልሁት። ልጁ ፊቱ ጠቈረ፤ ነገር ግን ዝም አላለም። «ጋሼ፥ እኔ የታዘዝሁትን ሠርቻለሁ። ኖራውን ፋቀው ያለኝ የለም፤ ሁለት እጅ ቅባ ያለኝም የለም። ለሠርጉ ይድረስ ብለው ያስቸኰሉኝ እርስዎ ነዎት» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው መንገድ ሣር አበቀለ። እናቴ ቡናዋን ብቻዋን ትጠጣ ጀመር። አንድ ቀን «አይዞሽ፥ ገንዘቡን አስመልስልሻለሁ» ብላት «ቀለሙስ ይላጥ፤ ኖራ ድሮም ጠፍቶኝ አያውቅም። እኔን የጎዳኝ የእርሷን ፊት ማጣቴ ነው» አለችኝ።

ነገሩ በሽማግሌ ይታይ ተባለና ከዛፍ ሥር ተቀመጥን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በልጅነቴ ፊደል ያስቈጠሩኝ የኔታ ነበሩ። እርሳቸውም ሁለታችንንም በየተራ ጠየቁን። «ስንት እጅ ሊቀባ ነበር ውላችሁ?» አሉ፤ መልስ የለም። «ምን ዓይነት ቀለም? ስንት ጋሎን?» አሉ፤ አሁንም መልስ የለም። «አሮጌውን ኖራ ማን ሊፍቀው ነበር? የመፋቂያውስ ዋጋ በሒሳቡ ውስጥ ነበረን?» አሉ፤ ሁለታችንም መሬት መሬት አየን። በመጨረሻ እኔ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ «የኔታ፥ እንደ ራስህ ቤት አድርገህ ሥራው ብዬው ነበር» አልሁ። እርሳቸውም ፈገግ ብለው «የእርሱን ቤት አይተኸዋል?» አሉኝ። ሰዎቹ ሳቁ። የልጁ ቤት ከጭቃ ምርግ በቀር ሌላ ነገር ነክቶት አያውቅም ነበር።

ከዚህ በኋላ የኔታ የተናገሩትን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ልጆቼ፥ እኛ የምንፈርደው በተባለው ነገር ነው። ባልተባለው ነገር የሚፈርደው አንድ እግዚአብሔር ብቻ ነው» አሉን። ፍርዱም ልጁ ጉልበቱን፥ እኛ ቀለሙን አውጥተን ቤቱ ከክረምቱ መውጣት በኋላ እንደ ገና እንዲቀባ ሆነ። ይህ ዕርቅ እንጂ ፍርድ እንዳልነበረ ሁላችንም እናውቃለን። እውነቱን ለመፍረድ የሚያስችል ነገር በመካከላችን አልነበረምና።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ «ልቃቂት ውሉ ከጠፋብህ ምን ታደርጋለህ? ብትጎትተው ይጠብቃል፤ ብትበጥሰው ይብስበታል» አለችኝ። ጥጥ ፈታይ ናትና የምታውቀውን ተናገረች። በቋንቋችን የፈትሉ ጫፍ ውል ይባላል፤ የሁለት ሰዎች ስምምነትም ውል ይባላል። ውሉ የጠፋ ፈትል የከፋ ጥጥ ስለ ሆነ አይደለም የሚያስቸግረው፤ ጥጡ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ብቻ ከየት ተጀምሮ ወዴት እንደሚፈታ አይታወቅም። የእኛም ነገር እንዲሁ ነበር። ያ ልጅ ሌባ ነበርን? ወይስ ያልታዘዘውን ያልሠራ የዋህ ሠራተኛ ነበር? ሙያው ገና ያልጠለቀና ኖራውን የመፋቅ አስፈላጊነት ያልገባው ልጅ ይሆንን? እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ወደፊትም አላውቅም።

እንግዲህ ከዚህ የተማርሁት ነገር ይህ ነው። ሰዎች ውል የሚጠቅመው ሌባን ለመያዝ ብቻ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ውል ከዚያ የሚበልጥ ጥቅም እንዳለው አየሁ። ውል በሌለበት ቦታ ሌባውና ሐቀኛው አይለዩም። አታላዩ «ይህን አላላችሁኝም» ብሎ ያመልጣል፤ ሐቀኛውም «ይህን ብለኸን ነበር» ተብሎ ይወነጀላል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳሉ። ስለዚህ ለአንድ ሰው ያለ ውል ሥራ መስጠት እርሱን ማመን አይደለም፤ ስሙን የሚያድንበትን ምስክር መንፈግ ነው። እምነት ስለ ሰውየው ልብ ነው፤ ውል ስለ ሥራው ልክ ነው። የጎረቤቴን ልጅ ልብ ባምን መልካም አደረግሁ፤ የግድግዳውን ሥራ ልክ ግን ልብ ሊናገረው አይችልም።

አሁን «እናቱ ምን ትለናለች» ወዳልሁት ቃል ልመለስ። ይህ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ በቦታው ሲሆን መልካም ጠባይ ነው፤ ሰውን ከነውር ይጠብቃል። ከቦታው ሲወጣ ግን እውነትን ያፍናል። እኔ በመጀመሪያው ቀን አምስት ጥያቄዎች ለመጠየቅ አፈርሁ፤ ከስምንት ወር በኋላ ግን ያንኑ ልጅ በእናቱ ፊት ሌባ ለማለት አላፈርሁም። የቱ ነበር የሚያሳፍረው? ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ከእኛ ቤት ደግሞ ጉርብትና ቀረ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!

ስለ ዝምታ ከተናገርሁ ዘንድ የጥንቱን የሮማ ሊቅ ሲሴሮን ማንሣት ይገባኛል። ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፥ አቴና ለትምህርት ሄዶ ለነበረው ልጁ፥ ስለ ሰው ግዴታ የሚናገር መጽሐፍ ጽፎ ነበር። በመጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል አንድ ጥያቄ ያነሣል። አንድ ሰው ቤቱን ሊሸጥ ይፈልጋል፤ ቤቱ ለጤና የማይስማማ፥ እንጨቱም የደከመ መሆኑን ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ይህን ሳይናገር ቢሸጥ በደለ ይባላልን? አንዳንዱ ፈላስፋ «አልዋሸም፤ ገዢው ራሱ ይመርምር» ይላል። ሌላው ግን «የተሳሳተን ሰው መንገድ አለማሳየት በደል ነው» ይላል። ሲሴሮ ሁለቱን ካመዛዘነ በኋላ ሻጩ ሊደብቅ አይገባውም ነበር ብሎ ይፈርዳል። ለራስ ጥቅም ሲባል ሌላው ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ሸሽጎ ዝም ማለት ራሱ ማታለል ነው ማለቱ ነው።

ይህ ፍርድ በቀለም ቀቢውም ላይ ይሠራል። ኖራው ካልተፋቀ ቀለሙ እንደማይቆይ እያወቀ ዝም ያለ ሠራተኛ፥ አንዲት የሐሰት ቃል ባይናገርም አታሏል። ነገር ግን ፍርዱ ወደ እኔም ይመለሳል። እኔም ሥራውን በምን ልክ እንደምፈልግ እያወቅሁ፥ ጎረቤት እንዳይቀየመኝ ብዬ ዝም አልሁ። የእርሱ ዝምታ ለገንዘብ፥ የእኔ ዝምታ ለመልካም ስም ነበር። ሁለቱ ዝምታዎች ተገናኝተው የእናቴን ሰንጋ በሉት።

ይሁን እንጂ የሁሉ ሰው ነገር እንደዚህ የተድበሰበሰ አይደለም፤ በግልጽ የሚያታልልም አለ። አዲስ አበባ የሚኖር አንድ ወዳጄ በደላላ የመጣ ቀለም ቀቢ ቀጥሮ ነበር። ሰውየው ስሙ የታወቀ ፋብሪካ ያወጣውን ጋሎን እያሳየ ቢሠራም፥ ኋላ እንደ ታወቀው በቆርቆሮው ውስጥ የነበረው ተራ ቀለም ነበር። ሌላው ቀለሙን ከልክ በላይ በውኃ ያቀጥነዋል፤ ሲቀባ ያምራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በእጅ ሲነኩት ይለቃል። ሌላው ለስድስት ጋሎን ገንዘብ ተቀብሎ አራት ይገዛል። ሌላው ግድግዳውን ሳይፍቅና ሳያለሰልስ ስንጥቁን በስቱኮ ሸፍኖ ያልፋል። ሌላው ደግሞ ዋጋውን እጅግ አርክሶ ሥራውን ከጀመረ በኋላ ቤቱ በመሰላልና በጨርቅ ተሞልቶ ሳለ «ይህ ገንዘብ አይበቃም» ይላል። የከፋውም ገንዘቡን ተቀብሎ የሚጠፋው ነው፤ አባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል።

ከእነዚህ ተንኮሎች ብዙዎቹ የሚያድጉት በሁለት ነገር ነው፤ በባለቤቱ አለማወቅና አስቀድሞ በሚከፈል ገንዘብ። ስለ መጀመሪያው ጥቂት ልናገር። ወጣቱ በትምህርት ቤት ሒሳብ ሲማር «ይህ ምን ይጠቅመኛል?» ይላል፤ እነሆ ጥቅሙ። አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ክፍል ዙሪያው 16 ሜትር ነው። ቁመቱ 2.80 ሜትር ቢሆን ግድግዳው 44.80 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለበርና ለመስኮት 4 ካሬ ያህል ብንቀንስ 41 ካሬ ገደማ ይቀራል፤ ሁለት እጅ ሲቀባ 82 ካሬ ይሆናል። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም በለሰለሰ ግድግዳ ላይ በአንድ እጅ 10 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። እንግዲህ ለክፍሉ ከስምንት ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ይበቃል ማለት ነው፤ ሻካራ ግድግዳ ግን የበለጠ ይጠጣል። ሠራተኛው 20 ሊትር ቢጠይቅህ ምክንያቱን ጠይቀው። ሦስት ሊትር ይበቃል ቢልህ ግን ከዚያ ይልቅ ፍራ፤ ወይ አንድ እጅ ሊቀባ ነው፥ ወይ ውኃ ሊያበዛበት ነው። ደግሞም አዲስ የሲሚንቶ ልስን አራት ሳምንት ያህል ሳይደርቅ፥ የውጭ ግድግዳም በክረምት ዝናብ ውስጥ ሊቀባ እንደማይገባ ማወቅ ከብዙ ጸጸት ያድናል።

ስለ ሁለተኛው፥ ማለት አስቀድሞ ስለሚከፈል ገንዘብ፥ የምግባሩ ጥያቄ የጠለቀ ነው። ገንዘቡን ሁሉ አስቀድመህ ስትሰጥ ሠራተኛውን የምታከብረው ይመስልሃል። በእውነቱ ግን ትፈትነዋለህ። ደኻ ሰው ቤት ገንዘብ ሲገባ የሚጠብቀው ብዙ ዕዳ ነው፤ የልጅ ልብስ፥ የእናት መድኃኒት፥ የቤት ኪራይ። ለቀለም የተሰጠው ገንዘብ ለእነዚህ ሲወጣ ቀለሙ ይቀጥናል፤ ሁለቱ እጅ አንድ እጅ ይሆናል። ሰውየው ሊያታልልህ አስቦ ላይመጣ ይችላል፤ አንተ ግን የሚወድቅበትን ጉድጓድ ቆፈርህለት። በጎ ሰው ሌላውን ሰው ከአቅሙ በላይ በሆነ ፈተና ላይ አያቆመውም። ስለዚህ ቀለሙን አብሮ ሄዶ መግዛትና የእጅ ዋጋውን ሥራው በደረሰበት ልክ እየከፈሉ መሄድ ለባለቤቱ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ለሠራተኛውም ነፍስ ጠባቂ ነው።

አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበርና ቀብድ የሚባል ልማድ አላቸው። ቀብድ ዋጋው ሁሉ አይደለም፤ የስምምነቱ ምልክት ነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቀብድ የተለየ ድንጋጌ አለው። በአንቀጽ 1885 እንደ ተመለከተው፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፥ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለውም ቢተወው አጠፌታውን ይመልሳል። ሚዛኑን ተመልከት! ሕጉ አንዱን ወገን ሌባ፥ ሌላውን ጻድቅ አላደረገም፤ ሁለቱንም በአንድ ገመድ አሰረ። ደግሞም በአንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ነው ይላል። ይህ ታላቅ ክብር ነው። በደብረ ኤልያስ ያለ አንድ ገበሬና አንድ ቀለም ቀቢ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ በሚጽፉት ነገር ለራሳቸው ሕግ አውጪዎች ይሆናሉ ማለት ነውና።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 692 አታላይነትን ይቀጣል። ነገር ግን ዳኛውም እንደ የኔታ «ምን ተባብላችሁ ነበር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በቃል የተደረገ ውልም ውል ነው፤ ብቻ ሁለቱ ሲካካዱ ቃሉን ከነፋስ ላይ ማን ይለቅመዋል? የሰው ልጅ ይህን ችግር ያወቀው ዛሬ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት በባቢሎን የነገሠው ሐሙራቢ በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ሕግ፥ ቤት ሠሪ የሠራው ግድግዳ ቢያዘነብል በራሱ ገንዘብ እንዲያጸናው አዝዞ ነበር።

እዚህ ላይ አንዱ ተነሥቶ «አንተ የምትናገረው ለባለቤቱ ብቻ ነው፤ ባለቤቱስ ሠራተኛውን አያታልልምን?» ቢለኝ እውነቱን ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ «ይህ ጥግ አላማረኝም» እያለ የመጨረሻውን ገንዘብ የሚያስቀር ባለቤት ጥቂት አይደለም። ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ሲወጣ ሲወርድ የዋለ ሰው ባዶ እጁን ሲመለስ፥ እርሱንም አታላይ በላው። እንዲያውም ባለቤቱ ቢታለል የሚቀርበት የቤት ውበት ነው፤ ሠራተኛው ቢታለል ግን የሚቀርበት እራት ነው። ስለዚህ ውሉ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለደካማው ነው። ኃይለኛ ሰው ያለ ውልም ይኖራል፤ ደካማው ግን ከወረቀቱ በቀር ጠበቃ የለውም።

በኅዳር ወር፥ ዝናቡ ካቆመና ግድግዳው ከደረቀ በኋላ፥ ሁለተኛውን ሥራ ጀመርን። በዚህ ጊዜ ከልጁ ጋራ በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጥንና ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ እንዲህ ብለን ጻፍን። «1ኛ፥ አሮጌው ኖራ እስከ ልስኑ ድረስ ይፋቃል። 2ኛ፥ ስንጥቁ በስቱኮ ይደፈናል፥ ይለሰልሳል። 3ኛ፥ ቀለሙ ሁለት እጅ ይቀባል፤ አንደኛው እጅ ሳይደርቅ ሁለተኛው አይቀባም። 4ኛ፥ ቀለሙን ባለቤቱና ሠራተኛው አብረው ይገዛሉ፤ ቆርቆሮው በሁለቱ ፊት ይከፈታል፤ ባዶው ቆርቆሮ ሥራው እስኪያልቅ አይጣልም። 5ኛ፥ ሥራው በ10 ቀን ያልቃል። 6ኛ፥ በአንድ ዓመት ውስጥ በሥራው ጉድለት የተላጠ ቢገኝ ሠራተኛው ያድሰዋል። 7ኛ፥ ስድስቱ የተፈጸሙ እንደ ሆነ ባለቤቱ ምንም ሰበብ አያመጣም።» ሰባተኛውን ያስጻፈው ልጁ ነው፤ እኔም ደስ ብሎኝ ጻፍሁት። ሁለት ምስክሮች ፈረሙበት፤ አንዱ ያ የተቈጣሁት የእኅቴ ባል ነበር።

ልጁ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያም ቀና ብሎ «ጋሼ፥ ይህን ወረቀት በጥር ቢሰጡኝ ኖሮ ሌባ ባልተባልሁ ነበር» አለኝ። ምን እመልስለታለሁ? በእናቱ ፊት የሰደብሁትን በእናቱ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ሥራውንም በስምንት ቀን ጨረሰ፤ ኖራውን ሲፍቅ ፊቱ ሁሉ ዱቄት ሆኖ የራሱ እናት እንኳ አላወቀችውም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክረምት አለፈ፤ ግድግዳው ግን እንደ ቆመ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

እንግዲህ ውል ማሰር ሰውን መጠርጠር ነውን? ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው፤ አይደለም። ጠርጣራ ሰው ውል አያደርግም፤ ጨርሶ ሥራ አይሰጥም፥ በሩንም አይከፍትም። ውል የሚያደርገው አብሮ ለመሥራት የቈረጠ ሰው ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ነገ ቤት ትሠራለህ፥ ታስቀባለህ፥ ወይም አንተው ራስህ የሰው ቤት ትቀባለህ። በዚያን ቀን ስምህንም፥ ገንዘብህንም፥ ወዳጅህንም የምትወድ እንደ ሆነ አስቀድመህ ጠይቅ፥ አስቀድመህ ተናገር፥ አስቀድመህ ጻፍ። ሐቀኛ ሰው በዚህ አይቀየምም። የሚቀየም ቢኖር ግን ቅያሜው ራሱ ምክር ነው፤ ገንዘብህን ሳታወጣ ተሰናበተው።

እናቴና ጎረቤታችን ዛሬም ከአንድ ጀበና ቡና ይጠጣሉ። ያ ወረቀት እናቴ ሣጥን ውስጥ ከክርስትና ልብሳችን ጋራ ተቀምጧል። ማንበብ ባታውቅም አንዳንድ ጊዜ አውጥታ ታየዋለች፤ «ይህች ናት ውሉ» ትላለች።